ሴባስቶፖል፤ ከተማዪቱና መድፉ

የኤውሮፓ ወደቦች ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸው በኢትዮጵያ ገጠር የታወቀ ግን ጥቂት ነው። ከወረታ ገበያ እህሉን ሸጦ ወደ መንደሩ የሚመለስ የፎገራ ገበሬ የማርሴልን ወይም የሐምቡርግን ስም ላይሰማ ይችላል፤ ሴባስቶፖልን ግን ከአባቶቹ ሰምቷል። የሰማውም ስለ መርከብ ሲወራ አይደለም፤ ስለ መድፍ ሲወራ ነው። ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ በመተው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ በዚያም አጠገብ ጋፋት በሚባለው ስፍራ በ1859 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ ተሠርቶ በሩቅ ባሕር ዳር ባለች በዚህች ከተማ ስም ተጠራ። የባሕር ከተማ ስም ባሕር ወደሌለበት ደጋ እንዴት እንደ ወጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የከተማዪቱን ታሪክ ሊመረምር ይገባዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ሴባስቶፖል ያለችው ክራይሚያ በምትባለው፥ ጥቍር ባሕር በብዙ ወገን በከበባት ምድር ነው። ባሕሩ እንደ ወንዝ ጠብቦ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብስ ይገባል፤ ከዚህም ዋና ክንድ ሌሎች ትንንሾች ይከፈላሉ። ውኃው ጥልቅ ነው፤ በብርድ ወራት አይረጋም፤ በዙሪያው ያሉት ኮረብቶችም ነፋሱን ይከለክሉለታል። ከብት በረት እንደሚያስፈልገው መርከብም መጠጊያ ያስፈልጋታልና ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ባሕረኛ ያልተለየው ነው።

ዛሬ ከተማዪቱ ባለችበት ጥግ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ኬርሶኔስ የምትባል ከተማ ቈርቍረው ነበር። ይህች ስፍራ ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በኅዳር 29 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው የሐዋርያው የጴጥሮስ ደቀ መዝሙር ቅዱስ ቀሌምንጦስ ከሮሜ በግዞት የተላከው ወደዚህ አገር እንደ ነበረ፥ በአንገቱም መልሕቅ ታስሮ በዚህ ባሕር እንደ ተጣለ የቆየ ትውፊት ይናገራል። የኪየቭ ልዑል ቭላድሚርም በ980 ዓ.ም. ገደማ በዚህች ከተማ ተጠምቆ ሕዝቡን ወደ ክርስትና እንዳገባ የዚያ አገር ዜና መዋዕል ይተርካል። እንግዲህ በዚህ ወደብ የገባው ስንዴና የወይን ጠጅ ብቻ አልነበረም፤ ሃይማኖትም በመርከብ መጥቶበታል። የወደብ ጠባይ ይህ ነው፤ በሩ አንድ ሲሆን የሚገባበት ነገር ግን ልዩ ልዩ ነው። በጠዋት ወንጌል የገባበት በር በማታ ባሩድ ሊገባበት ይችላል።

ኬርሶኔስ በዘመናት ብዛት ፈርሳ ጠፋች፤ ምድሪቱም በታታሮች ገዦችና በቱርክ ሱልጣን እጅ ሆነች። በ1775 ዓ.ም. የመስኮብ ንግሥት ሁለተኛዪቱ ካትሪን ክራይሚያን ያዘች፤ በዚያው ዓመት ለጦር መርከቦቿ መኖሪያ የሚሆን አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በተከታዩም ዓመት ሴባስቶፖል ተባለ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ሴባስቶስ ክቡር፥ ፖሊስ ከተማ ማለት ነውና «የተከበረች ከተማ» ተብሎ ይተረጐማል። ሌሎች ወደቦች በሚዛንና በመዝገብ ሲያድጉ እርስዋ በመልሕቅና በባሩድ አደገች። ሰዋም መርከበኛ፥ መርከብ ጠራቢ፥ ሸራ ሰፊና የመድፍ ተኳሽ ነበረ፤ ልጅም ከአባቱ የሚማረው ይህንኑ ሙያ ነበር። ይህ ነገር ኋላ ለሚመጣው ታሪክ ታላቅ ጥቅም ስላለው አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ከዚህ በኋላ የሴባስቶፖል ስም በዓለም ሁሉ የተሰማበት ጦርነት መጣ። ጠቡ ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም ያሉ ቅዱሳት መካናት ነገር ነበር፤ ከዚህም በታች የቱርክን መንግሥት መድከም አይተው ኃያላኑ ሁሉ የሚሻሙበት የባሕር መንገድ ነበረ። በ1846 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው በመስኮብ ላይ ጦርነት ዐወጁ። በመስከረም 1847 ዓ.ም. ሠራዊታቸው በክራይሚያ ወረደ። መስኮቦች ጠላት በባሕር እንዳይገባባቸው ብለው የገዛ መርከቦቻቸውን በወደቡ አፍ አሰጠሙ፤ መድፎቹንና መርከበኞቹን ግን ወደ የብስ አወጡ። ቶትሌበን የተባለ መሐንዲስ በኮረብቶቹ ዙሪያ የአፈር ምሽግ ዘረጋ፤ ወንዱም ሴቱም ልጁም አፈር ተሸከመ።

በጥቅምት ወር መድፉ መጮኽ ጀመረ። የመርከቦቹ አለቃ ኮርኒሎፍ በመጀመሪያው ቀን ወደቀ፤ ኢስቶሚንና ናኪሞፍም በየተራቸው ተከተሉት። ሦስቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን፥ በዚያው በቅዱስ ቭላድሚር ስም በታነጸው፥ ተቀበሩ። በኋላ ስሙ በዓለም የገነነው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ በዚያን ጊዜ በምሽጉ ውስጥ ወጣት መኰንን ነበረ፤ ያየውንም ጽፎ ለአገሩ ሰው አስነበበ። ከተማዪቱ አሥራ አንድ ወር ያህል ከተከበበች በኋላ በጳጉሜን 1847 ዓ.ም. ፈረንሳውያን ማላኮፍ የተባለውን ኮረብታ ያዙ። መስኮቦችም የቀረውን አቃጥለው በጀልባ ድልድይ ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ዘመን ቈጣሪ በዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላል። ይህ ታላቅ ከበባ በመስከረም ተከፍቶ በጳጉሜን የተዘጋ፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር አንዲቱን የ1847ን ዓመት ከዳር እስከ ዳር የያዘ ነው። በዚችው ዓመት በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንዲቱ ከተማ ስትወድቅ አንዱ መንግሥት ይነሣ ነበር። ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ነገር ባያውቅም ወሬው ከመድረስ አልቀረም፤ በንጉሡ ዙሪያ እንደ ቆንስል ፕላውደንና እንደ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ያሉ የኤውሮፓ ሰዎች ነበሩና። ክርስቲያን ነገሥታት ከቱርክ ጋር ተሰልፈው በክርስቲያን ከተማ ላይ መድፍ መተኰሳቸው አፄ ቴዎድሮስን እንዳስደነቃቸው ይነገራል።

ለእርሳቸው ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ የባሕር በር ምጽዋ ከ1549 ዓ.ም. ጀምሮ በቱርክ እጅ ነበረች፤ በ1858 ዓ.ም. ገደማም ሱልጣኑ ለግብፅ ገዥ አሳልፎ ሰጣት። ከኤውሮፓ የሚመጣ መሣሪያና ባለ ሙያ፥ መልእክተኛና ደብዳቤ ሁሉ በዚያች በር የሚያልፈው በሌላ ሰው ፈቃድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ለባሕር የነበራቸውን ናፍቆት በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ ያደረጉት ሥራ ያስረዳል። የፎገራን ሜዳ በሚያዋስነው በዚያ ሐይቅ ላይ፥ የወይጦ ሰዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ አጠገብ፥ በመንኰራኵር የሚንቀሳቀስ ጀልባ ሊያሠሩ ሞክረው ነበር። ባሕሩ ቢዘጋባቸው ሐይቁን ሊያሠለጥኑት አሰቡ።

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ የቱርክንም በደል አመለከቱ። መልስ ሳይመጣ ቀረ። በዚህም ቍጣ በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ኋላም ሌሎች ተጨመሩ። ከውጭ የተነፈጉትንም በአገር ውስጥ ሊያሠሩ ቈረጡ። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና ማሠልጠኛ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት ቫልድማየር፥ ሳልሙለር፥ ቤንደርና ማየር እጀ ብልሆች ነበሩና በጋፋት ተቀምጠው ጋሪና መንገድ፥ ከዚያም መሣሪያ እንዲሠሩ ታዘዙ። ከእነርሱም ጋር ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖሎኝ ሰውና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ ግን ለአብዛኛዎቹ ያልተማሩት ሙያ ነበር፤ ማዕድኑ እየረጋ፥ ምድጃው እየፈረሰ ብዙ ሙከራ ከሸፈ። በመጨረሻም ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ታላቅ መድፍ ከመቅለጫው ወጣ፤ ንጉሡም ሴባስቶፖል አሉት።

ይህ ስም ሰምና ወርቅ ያለው ነው። ሰሙ ለሁሉ ግልጥ ነው፤ በዚያ ዘመን የመድፍ ነገር ሲነሣ ከሴባስቶፖል የሚበልጥ ስም አልነበረም፤ የኤውሮፓ ሰው ሁሉ ሲሰማው የሚደነግጥበት ነበረ። ወርቁ ግን ጠለቅ ይላል። ሴባስቶፖል ከቱርክ ጋር ያበሩትን ኃያላን ዓመት ሙሉ የመከተች ከተማ ናት፤ ደግሞም ወደብ ናት። ስሙን ያወጡት ንጉሥ ወደብ አልነበራቸውም። እንግዲህ መድፉ በተጠራ ቍጥር፥ የጠሪው ልብ ቢያስበውም ባያስበውም፥ የተዘጋው በር አብሮ ይጠራ ነበር። ከወርቁም በታች አንድ መራራ ነገር ተሸሽጓል፤ ያች ከተማ ታላቅ ጀግንነት ሠርታ በመጨረሻ የወደቀች ናት።

በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች መድፉን በጠፍርና በገመድ ይጐትቱ ነበር። መንገድ አልነበረምና መንገዱ በፊቱ እየተቈረጠ፥ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ይሄድ ነበር፤ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የድጓ ምስክር ቤት ቤተልሔም ባለችበት በጋይንት አገር በኩል አልፈው፥ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፥ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። የጠረጉትን መንገድ ያዩ የጠላት መሐንዲሶች እንኳ አደነቁት።

በዚያው ጊዜ በባሕር ወገን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወረደ፤ ይህች ዙላ የአክሱም ነገሥታት ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ፍርስራሽ ያለባት ናት። እንግሊዞች በጥቂት ወር ውስጥ የመርከብ ማራገፊያ ድልድይ፥ የባሕር ውኃ አጥርቶ የሚያጠጣ መኪናና አጭር የባቡር ሐዲድ በዚያ ሠሩ፤ 13,000 ያህል ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አወረዱ። አፄ ቴዎድሮስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን ወደብ ጠላታቸው በአንድ በጋ ሠርቶ ተጠቀመበት፤ በሰኔም ሲመለስ ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ። በስቅለት ዓርብ፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ብዙ የኢትዮጵያ ወታደር ረገፈ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ያን የሚያህል ድካም የተደከመለት ሆኖ ሳለ የዚያን ቀን ነገር ሊለውጥ አልቻለም። ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል።

ስለ ከተማዪቱ ፍጻሜ ደግሞ እንመልከት። በመጋቢት 1848 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ውል መስኮብ በጥቍር ባሕር የጦር መርከብ እንዳያኖር ተከለከለ። ከተማዪቱ ፍርስራሽ፥ ወደቧም ባዶ ሆነ። ነገር ግን በ1863 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ፤ ሴባስቶፖልም ተሠራች፤ መርከቦቹም ተመለሱ። በ1934 ዓ.ም. ሁለተኛ ከበባ መጣባት፤ ጀርመኖች ከጥቅምት እስከ ሰኔ ከበው መቷት። በዚህ ጊዜ ያመጡባት አንዱ መድፍ በዓለም ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ነበር፤ የጥይቱ ክብደት ሰባት ቶን ያህል ነበረ ሲባል፥ ከጋፋት እስከ መቅደላ ሕዝብ ስድስት ወር የጐተተውን መድፍ የሚያህል ክብደት በአንድ ተኵስ ይወረወርባት ነበር ማለት ነው። ከተማዪቱ ዳግመኛ ወደቀች፤ በግንቦት 1936 ዓ.ም. ከጀርመኖች እጅ ስትወጣ ሳይፈርስ የቀረ ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያም በነጭ ድንጋይ እንደገና ታነጸች። የሶቪየት መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የዩክሬን ሆነች፤ በ2006 ዓ.ም. ሩስያ ወደ ግዛቷ ቀላቀለቻት፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግን ይህን መቀላቀል አልተቀበለም። የወደብ በር የሚሻሙበት ብዙ ነውና ጠቧ ዛሬም አልበረደም።

እንግዲህ ከተማዪቱ ሁለት ጊዜ ፈርሳ ሁለት ጊዜ ስትሠራ፥ በስሟ የተጠራው መድፍ ያለ ልጅ ለምን ቀረ? ምክንያቱ በብረቱ ዘንድ አይገኝም። በሴባስቶፖል ግንቡ ቢፈርስ ግንበኛው፥ መርከቡ ቢሰጥም መርከብ ጠራቢው ነበረ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስለ ነበር አለቃ ቢሞት ሌላ አለቃ ይተካ ነበር። ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል። በቤተልሔም የድጓ መምህር ቢሞት ድጓው አይሞትም፤ ያስመሰከረው ተማሪ ሌላ ደብር ሄዶ ወንበር ይዘረጋልና። በጋፋትም ወጣቶች ለመማር ተሰጥተው ነበር፤ ነገር ግን መምህራኑ ከግዳጅ በታች ነበሩ፤ ምድጃው ለአንድ ጌታ ትእዛዝ ብቻ ይነድድ ነበር፤ ዘመኑም አጭር ነበረ። ጌታው ሲያልፉ ባለ ሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ሞሪትዝ ሆል በነቢዩ በዮናስ ወደብ በኢዮጴ ከተማ ቤት ሠርቶ ኖረ። ጋፋት ምስክር ያላወጣ ጉባኤ ቤት ሆነ። የአፄ ቴዎድሮስ ምኞት ከዘመናቸው የቀደመ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ምኞቱን የሚወርስ ወንበር ግን አልተዘረጋም።

ከደብረ ታቦር ተመልሶ ወደ ፎገራ ለሚወርድ ሰው የዚህ ነገር ሌላ ምስክር በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ክረምት በመጣ ቍጥር ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ይህ ውኃ ለብዙ ዘመን የእህል ጠላት ነበር፤ ውኃ የተኛበት መሬት ለከብት ግጦሽ ካልሆነ በቀር ለዘር ብዙ አይጠቅምም ነበርና። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለ ሙያዎች የሩዝ ዘር በዚህ አገር አለማመዱ። እንግዶቹ ሄዱ፤ ሩዙ ግን አልሄደም። ገበሬው ዘሩን ከጎተራው አስቀርቶ፥ ከጎረቤቱ ተበድሮ፥ ልጁን አስተምሮ አባዛው፤ ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ አደረገው። ጠላት የነበረው ውኃ ሲሳይ ሆነ። ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችና የሩዝ ምርምር ማዕከል ያሉባት ከተማ ሆነች።

ስሙም ሊታሰብ ይገባዋል። በሜዳው የተስፋፋው ያ ዘር ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ጅግና በፎገራ አጠገብ በደራ ያለች ቀበሌ ናት። መድፉ በአገር እጅ በአገር ምድር ተሠርቶ የሩቅ ወደብ ስም ተሸከመ፤ ሩዙ ከሩቅ አገር መጥቶ የመንደር ስም አገኘ። ሰው የራሱ ላደረገው ነገር የራሱን ስም ይሰጠዋል።

ዛሬ የባሕር ዳርና የጐንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ መንገድ ጋር በሚገናኝባት በወረታ ደረቅ ወደብ ተሠርቷል፤ በጅቡቲ የገባ ዕቃ በታሸገ ሣጥን ተጭኖ ወደዚያ ይደርሳል። ባሕር ሳያይ ወደብ የሆነ ከተማ የወደብን ጠባይ ማወቅ አለበት። ከሣጥኑ የሚወጣው ሁሉ ያረጃል፤ መኪናው ይሰበራል፥ ጨርቁ ያልቃል። ከእርሱ ጋር የገባው ሙያ ግን ደቀ መዝሙር ካገኘ አያረጅም። በወረታ ወደብ የሚሾም ሹምና የሚነግድ ነጋዴ፥ ልጁንም ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ዕቃው በገባ ቍጥር «ይህን የሚሠራ እጅ ከእኛ ዘንድ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የጋፋት ምድጃ በከንቱ አልነደደም።